ዘይት ለሚያንጠባጥብ መኪና፣ ኦይል ሲል ከመቀየር በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምነዳው የ1996 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ማንዋል ካምቢዮ። ከካምቢዮው በግራ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። ጋራዥ ወስጄ የግራውን የአክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ አስቀይሬ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ መፍሰስ ጀመረ። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ ጓደኛዬም መሣሪያ አለው። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? የሞተሩንስ ሲሎች አብሬ ልቀይራቸው?
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትችላለህ። የአክስል ሲል ግቢ ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች አንዱ ነው። ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ ግን "ሦስት ወር ሳይሞላው" ያልከው ነው። ደህና ሲል በሥርዓቱ ከገባ ዓመታት ያገለግላል። በሦስት ወር ካለቀ የሚበላው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያንን ሳታገኝ አዲስ ብትገጥም ገንዘብህም ጉልበትህም ባከነ።

መጀመሪያ የሚፈሰው ዘይት የምን እንደሆነ ለይ። ማታ ካርቶን ከስሩ አንጥፍ፣ ጠዋት ጠብታውን በጣትህ ነክተህ አሽትተው። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለ ነው፣ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ አለው። የሞተር ዘይት ጠቆር ይላል፣ እንደዚያ አይሸትም። ቀይ ከሆነ ከመሪው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቦታውን በነጭ ጋዝና በሳሙና እጠበው፣ ይድረቅ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት፣ ሰፈር ዞረህ ና። ፓውደሩ ላይ እርጥበቱ ከየት እንደጀመረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ንፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከላይ ከቫልቭ ከቨሩ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን የጀመረ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ስር ይንጠባጠባል። በዚህ ምክንያት ያለጥፋቱ የወረደ ካምቢዮ ብዙ አይቻለሁ።

የአክስሉ ሲል መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። ዘይቱን ከማውረድህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። ይህን አደራ የምልህ፣ ዘይቱን ካወረድክ በኋላ መሙያው ዝጎ እንቢ ቢልህ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ስለሚቀር ነው። የአክስሉን ትልቅ ዳዶ ደግሞ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ በ30 ቁጥር ቡሶላ አላላው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ያን የሚያህል ጉልበት መጠቀም አደገኛ ነው።

ስለ አደጋ ካነሳን፣ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አትግባ። ብሎኬትም አታስገባ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት መደገፊያ ተከራይ ወይም ተዋስ፣ የኋላ ጎማዎቹን በእንጨት አግድ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆይ።

ጎማውን ካወጣህ በኋላ የታችኛውን ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ) ከክንዱ ፍታ፣ አክስሉን ከመንኮራኩሩ አላቅቅ፣ ከዚያ ከካምቢዮው በኩል በሌቨር ቀስ ብለህ ግፋው። ዘንጉን ይዘህ አትጎትት፣ በካምቢዮው በኩል ያለው የአክስሉ ጆይንት መሸፈኛ ጎማው ውስጥ ሊበታተን ይችላል።

አሁን ቶሎ ብለህ ሲሉን አትንቀል። እዚህ ላይ ቆም በልና እይ። አክስሉ ላይ፣ ሲሉ ጥግ፣ የማዳበሪያ ክር ወይም የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሟል? የእኛ መንገድ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ክሩ ከአክስሉ ጋር እየዞረ ሲሉ ከንፈር ስር ይገባል፣ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን የዘንጉን ክፍል በጨርቅ ጠርገህ ጥፍርህን በርዝመቱ ጎትትበት። ጥፍርህን የሚይዝ መስመር ካለ አሮጌው ሲል ብረቱን በልቶታል። የሦስት ወሩን ጉዳይ ከሚያስረዱት አንዱ ይህ ነው፤ አዲሱ ሲል እዚያው ጉድጓድ ላይ ቢያርፍ መዝጋት አይችልም። ጉድጓዱ ቀላል ከሆነ አዲሱን ሲል አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አውጥቶ ወይም አስገብቶ መግጠም ይረዳል። ጥልቅ ከሆነ ያ ክፍል ያለበትን የውስጠኛውን ጆይንት መቀየር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የካምቢዮው መተንፈሻ ነው። ካምቢዮው ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት፣ ጭቃ ይደፍናታል። ካምቢዮ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መውጫ ካጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። አጽዳት፣ ደቂቃ አይፈጅም። አክስሉን ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቀው በጣም የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው አልቋል፣ ያኔ ጉዳዩ ከሲል በላይ ነው።

አሮጌውን ከመንቀልህ በፊት ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተቀመጠ ለካ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳ። ከዚያ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልለህ ንቀለው። ሲሉ የሚቀመጥበትን ቤት አትፋቅ፣ እሱ ላይ የምታወጣው ጭረት ራሱ ሌላ ቀዳዳ ነው። የመኪና ዕቃ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ፊቱ ላይ ተጽፏል፣ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት።

አዲሱን ስታስገባ ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ግሪስ ቀባው። ደረቅ ከንፈር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሲዞር ይቃጠላል። በመዶሻ ቀጥታ አትምታው፣ የሲሉን ዳር የሚያክል ቧንቧ ወይም ትልቅ ቡሶላ ደግፈህ ዙሪያውን በእኩል መታ መታ አድርገው። ጠመም ብሎ ከገባ አውጥተህ ሌላ ግዛ፣ አንዴ የታጠፈ አይቀናም። አክስሉን ስትመልስ ጥርሶቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፍን፣ ቀጥ አድርገህ ያዝና አስገባ፣ ክብደቱ ሲሉ ላይ አይረፍ። አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ቦታው ሲደርስ ቀጭ ይላል። ሳይል አትዝጋ።

ዘይቱ 75ደብሊው-90 ነው፣ ሁለት ሊትር ገደማ ይይዛል። መኪናው ሜዳ ላይ ሆኖ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ሞላ ማለት ነው። የአክስሉ ዳዶ የሚጠብቅበት ልክ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሆነ በግምት አታድርገው፣ የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ ቶርክ መፍቻ ተዋስ። የወረደውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋ፣ ጄሪካን ሞልተህ ለጋራዥ ስጥ።

የሞተሩን ሲሎች በተመለከተ፣ ደረቅ ከሆኑ አትንካቸው። የፊተኛው የክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሲል ከታይሚንግ ቺንጋው ኋላ ነው፤ ቺንጋው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። የኋለኛው ግን ካምቢዮ ካልወረደ አይታይም። እሱን ግቢ ውስጥ እንድትሞክረው አልመክርህም። ፍሪሲዮን የምትቀይር ቀን አብረህ አስቀይረው።

ጥያቄ፦ ካምሪዬ የሞተር ዘይት ያፈሳል። መካኒኩ የኋላው ሲል ነው፣ ብዙ ያስወጣሻል አለኝ። የምኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው። ዘይት ውስጥ የሚጨመር ማቆሚያ መድኃኒት ይሠራል?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የቫልቭ ከቨሩን ጓርኒሲዮን አስመርምሪ። ዋጋው ከኋለኛው የክራንክሻፍት ሲል በጣም ያነሰ ነው፣ ሲያፈስ ደግሞ ያው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ መተንፈሻ የሆነው የፒሲቪ ቫልቩም ይታይ። ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ሲሎቹን ያስፈስሳል። ብዙ ሞዴሎች ላይ ነቅለሽ ስትነቀንቂው መንኳኳት አለበት፣ ካልተንኳኳ ይቀየር።

መድኃኒቱ የሚሠራው የደረቀ ጎማን በማለስለስ ነው። በዕድሜ የጠነከረ ሲል ላይ ፍሳሹን ሊቀንስ ይችላል። የተቀደደ ሲል ወይም የተበላ ዘንግ ላይ ምንም አያደርግም። ትንሽ ጠብታ ብቻ ከሆነ በየሳምንቱ ዘይቱን እየለካሽ ብትነጂው አይጎዳም። ሲጀመር የዘይት መብራት እስኪበራ አትጠብቂ፣ መብራቱ ሲበራ ጉዳቱ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሁለት ሲል አሳየኝ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ ቁጥራቸው አንድ ነው። ቡናማው በእጥፍ ይወደዳል። የትኛውን ልግዛ?
ጡረተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አባቴ፣ ለየት ብሎ የሚሞቅ ቦታ ካልሆነ ጥቁሩ ይበቃዎታል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ናይትራይል ጎማ ነው፣ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ችግር የለበትም። ለካምቢዮ አክስል ይህ በቂ ነው። ቡናማው ብዙ ጊዜ ቫይተን የሚባለው ነው፣ እስከ 200 ዲግሪ ይችላል፣ ለክራንክሻፍትና ለካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች ለሚከፍተው ዘንግ) ቢያወጡበት ያዋጣል። ቀለም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ማሸጊያው ላይ ኤፍኬኤም (FKM፣ የቫይተን ዓይነት ጎማ ምልክት) የሚል ይፈልጉ። ከንፈሩንም በጣትዎ ጫን ያድርጉት። ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ስንጥቅ ካለው መደርደሪያ ላይ አርጅቷልና አይግዙት።