የወረዳው የሰላም ኮሚቴ ውስጥ ልግባ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብሁት። ወረዳችሁ የሰላምና የአብሮነት ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው፤ አንቺንም ከቀበሌሽ መርጠውሻል። «አባጋርና ቅሬ እያለልን ይኼ ምን ይጨምራል? ፍሬ አለው ወይስ ለሪፖርት ነው?» ብለሻል። (ለማያውቀው፦ አባጋር በእኛ በወሎ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ የባህል ሽማግሌ ነው፤ ቅሬ ደግሞ እንደ ዕድር ያለ የመንደር ማኅበር ነው።) እኔ ከደሴ ብዙም በማይርቅ ወረዳ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ግቢበት እልሻለሁ። የሚረባው ግን አባጋሩና ቅሬው የማይደርሱበትን ክፍተት ከያዘ ነው። እነሱን ልተካ ብሎ ከተነሳ ሕዝቡ ይሸሸዋል፤ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ ብቻ ይቀራል።

ያለንን አስቀድመን እንወቀው። ቅሬ በእኛ አገር ቀባሪ ማኅበር ብቻ አይደለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያመሻል። ስለዚህ የቅሬ ዳኛ «ታረቁ» ሲል ይሰማል። እንቢ ያለ ሰው ለቅሶ አይደረስለትም፣ እሳት አይጫርለትም። ይኼን የሚያህል ኃይል ያለው ማህተም ወረዳ ቤት ውስጥ የለም።

አባጋሩ ደግሞ ደሙን ነው የሚያደርቀው። ሰው ሲገደል የገዳይ ወገን ቀየውን ለቆ ይሸሻል፤ ሽማግሌዎች የሟችን ወገን ደጅ ይጠናሉ፣ በቀል እንዳይነሳ ጊዜ ይለምናሉ። ልብ ሲበርድ አባጋሩ ፊት ይቀመጣሉ፤ ጉማው (የደም ካሣው) ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፣ እርቁን የሚያፈርስ ይረገማል። ሰዉ ከእስሩ ይልቅ እርግማኑን ይፈራል። አባጋር ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ወደ ራያ ቆቦ ብትሄጂ ዘወልድ የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ኮሚቴያችሁ እነዚህን ሰዎች «የባህል ተወካይ» ብሎ ጥግ ላይ ካስቀመጠ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ነው? አባጋሩ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ቅሬው ደግሞ ከአባሉ ውጭ አያዝም። ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣው፣ መናኸሪያ ላይ የሚሠራው ልጅ ቅሬ የለውም። የሁለት ወረዳ ሰዎች በግጦሽና በውሃ ሲጣሉስ የማን ቅሬ ይዳኛል? ወሬውስ? ዛሬ ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው ከስልክ ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሰው ፌስቡክ ላይ የጻፈው ነገር ማታ ቡና ላይ ተወርቶ ጠዋት ገበያ ውስጥ ድንጋይ ያስነሳል።

አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። የጥምቀት ሰሞን ነው። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ድንጋይ ተከምሯል፣ ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል የሚል መልእክት በቴሌግራም ተነዛ። ፎቶም አለው። የኮሚቴያችን አባል የሆኑ አንድ ሼህና አንድ ቄስ በዚያው ማታ ተያይዘው ወደ ቦታው ሄዱ። ድንጋዩ ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው ለመሠረት ያስመጣው ነበር። ባለቤቱን ጠርተው አነጋገሩት፤ የሰፈሩ የሙስሊም ልጆች ድንጋዩን ራሳቸው እየተቀባበሉ ወደ ግቢው አስገቡለት፤ ቄሱ ቆመው አዩ። ከዚያ ሼሁ በመስጊድ፣ ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ያዩትን ተናገሩ። ፖሊስ ብቻውን ሄዶ «ሐሰት ነው» ቢል ማንም አያምነውም ነበር። የኮሚቴው ሥራ እንዲህ ያለው ነው፤ ለዜና የማይበቃ፣ ምንም ስላልተፈጠረ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ።

ይኼን የሚሠሩት በሌላም አገር አሉ። የሰሜን ኬንያዋ ዋጂር እንደ እኛ ቆላ አርብቶ አደር የሚበዛበት፣ የሶማሌ ጎሳዎች የሚኖሩበት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በድርቅና በከብት ዘረፋ ተፋጅተው ነበር። ነገሩን የጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ በ1993 ተሰባስበው ገበያው ለሁሉም ጎሳ ክፍት እንዲሆን፣ ማንም በጎሳው ምክንያት መሸጥና መግዛት እንዳይከለከል መጠበቅ ያዙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ወጣቶቹ፣ የመንግሥት ሰዎችም ገቡበትና በ1995 የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ሆነ። በኋላ በሌሎች የኬንያ ወረዳዎች ለተቋቋሙት የሰላም ኮሚቴዎች አርአያ የሆነው ይኼው ነው። መንግሥት ከላይ ወርዶ የፈጠረው ሳይሆን ሕዝቡ የጀመረውን መንግሥት የተቀበለው መሆኑን ልብ በይልኝ። ይኼን ስሰማ የመጣብኝ የባቲ ሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ በአንድ ቀን ጠብ ከተዘጋ ጨውና ከብት ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ መተዋወቁም ይቀራል። ኮሚቴያችሁ በገበያ ቀን አዳራሽ ሳይሆን ገበያ ውስጥ ይገኝ።

ሴቶችን በተመለከተ ጠንከር ብለሽ ተናገሪ። በሽምግልናው ወንበር ወንዱ ይበዛል። ጠብ ሲጠነሰስ ቀድመው የሚሰሙት ግን ወፍጮ ቤትና ውሃ ቦታ ያሉት ናቸው። ዱበርቲ የምንላቸው እናቶቻችን ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉት ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ ስንቱን የተኳረፈ ቤተሰብ አስታርቀዋል። አንቺ ብቻሽን «የሴቶች ተወካይ» ሆነሽ እንዳትቀሪ ሌሎችንም ይዘሽ ግቢ።

ሕጉንም እወቂ፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የገንዘብ፣ የወሰን፣ የውርስ ጠብ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3318 ጀምሮ እርቅን ያውቀዋል። ቀላል ስድብና ድብደባም በግል አቤቱታ የሚከሰስ ከሆነ ተበዳዩ ሲተወው ይቆማል። ግድያ ግን ጉማ ስለተከፈለ ከፍርድ ቤት አይቀርም፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ እርቁ ቅጣት ለማቅለል ይታይ እንደሆነ እንጂ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ቢያስር የሟች ወንድም ልብ አይታሰርም። አስገድዶ መድፈርና የሕፃን ጋብቻ ሲመጣባችሁ ግን ለእርቅ አትቀመጡ። «ያግባትና ይለቅ» የሚል ሽማግሌ ካለ ተነሺና ተቃወሚ፤ ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም ይሂድ።

ደግሞ ወሎ የፍቅር አገር ነው እያሉ መፎከር ብቻውን አያዋጣም። እኔም ፍቅሩን አውቀዋለሁ፤ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች አለን። ግን ቦሩ ሜዳም የእኛው ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ከሰበሰቡት ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ ተጠመቅ ተብሎ ተገዷል፤ የወሎው ገዢ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት፣ የሃይማኖት መሪው ሼህ ጠልሃም ይኼን ተቃውመው የተነሱት በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አብሮ መኖሩ የቀጠለው ሰዎች ስለደከሙበት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላም አይተነዋል። ታጣቂው ከወጣ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን «ቤቴን ጠቁመህ ያስዘረፍኸኝ አንተ ነህ» ይለው ጀመር። ማስረጃ የለ፣ ክስ የለ፤ ቂሙ ግን አለ። እኛ ያደረግነው አንድ ላይ ሰብስቦ ማስጨባበጥ አልነበረም። የሚታመኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ እያንዳንዱ የደረሰበትን እስከ መጨረሻው እንዲናገር ማድመጥ ነበር። ጊዜ ወሰደ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ቢያንስ ግን እጅ አልተነሳም።

ለአሁኑ ጊዜ ከሁሉም የከበደው የሚከተለው ነው። ኮሚቴው የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ጆሮ ከመሰለ ሞቷል። ሰዎች ልጃቸው የት እንዳለ፣ ማን መሣሪያ እንዳለው ይጠይቁሻል የሚል ስጋት ካደረባቸው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ከሁሉም ወገን ያሉ ታጣቂዎችም በክፉ ያዩሻል። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ለጠሩሽ ሰዎች በግልጽ ጠይቂያቸው፤ አባላቱ የሰው ስም እንዲያቀብሉ አይጠየቁም ወይ? ሰብሳቢውስ የወረዳ ኃላፊ ነው ወይስ አባላቱ የመረጡት? መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ሰብሳቢው ሹመኛ ከሆነ ሲሻር ኮሚቴውም ይበተናል፤ በእኛ ወረዳ ደጋግሞ ደርሷል። የውሎ አበሉንም ነገር ተጠንቀቂ። መንገድ የሚሄድ ሽማግሌ የትራንስፖርትና የምሳ ይሰጠው፣ ተገቢ ነው። ለስብሰባ መቀመጫ አበል ከተጀመረ ግን የሚመጣው ሰው ይለወጣል፤ በነፃ የሚያስታርቁት አባት «እኔ አልከፈል» ብለው ይቀራሉ።

የአገራዊ ምክክር ኮሚሽኑን ጠቅሰሽ ልዩነቱን ጠይቀሽ ነበር። እሱ በአዋጅ 1265/2014 የተቋቋመው በትልልቅ አገራዊ ጉዳዮች ላይ እንዲያመካክር ነው። የናንተ ኮሚቴ የእሱ ቅርንጫፍ አይደለም፤ የናንተ ጉዳይ የግጦሹ፣ የበዓሉ፣ የገበያው ነው።

እሺ ካልሽ ሥልጠናውን ሳትጠብቂ በቀበሌሽ ያሉትን የቅሬ ዳኞች አንድ በአንድ ሄደሽ ተዋወቂያቸው። ስልካቸውን ያዢ፣ ከየትኛው ቅሬ ጋር ማን እንደተቋሰለ ጠይቂ። የአጎራባች ወረዳውንም የሚታመን አንድ ሰው ፈልጊ፤ ማታ ሲደወል የምትደውይለት ሰው ያስፈልግሻል።