ጂፒኤሱን ከየት እንጥለፈው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ደምበጫ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ለክትባት ገጠር ለገጠር የምዞረው በሞተር ሳይክል ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ለሞተር የሚሆን ጂፒኤስ ላከልኝ። ከመያዣው የሚወጣው ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ነው፤ መሰኪያ የለውም። መካኒኬ «ከፊት መብራቱ እንጠልፈዋለን፣ ወዲያው ያልቃል» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በቀጥታ ከባትሪው ይሁን ይላል። የቱን ልስማ? ባትሪዬንስ አይጨርስብኝም? ኔትወርክ በሌለበትስ ይሠራል?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ በመጀመሪያ የመካኒክህን እጅ ያዝልኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው።

በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ የሚበራው ከባትሪው አይደለም፤ ከዲናሞው በቀጥታ ነው። ያ ኃይል ተለዋዋጭ ነው፤ ጋዝ ስትሰጥ ከፍ፣ ስትለቅ ዝቅ ይላል። አምፖል ይችለዋል። ጂፒኤስ ግን የተረጋጋ የባትሪ ኃይል ነው የሚፈልገው። ያንተን ለማወቅ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈትና መብራቱን ሞክር። ካልበራ፣ አስነስተኸው ደግሞ ከጋዙ ጋር እየደመቀና እየደበዘዘ ከሄደ፣ ወደዚያ ሽቦ አትጠጋ።

የጓደኛህ ሐሳብ ይሻላል፤ ግን ግማሽ ነው። በቀጥታ ከባትሪው ካሰርከው ቁልፉን ብትዘጋም መሣሪያው መጠጣቱን አያቆምም። ሒሳቡን እንየው። 10 ዋት የሚበላ ዕቃ በ12 ቮልት ወደ 0.8 አምፔር ይስባል። ባትሪህ 5 አምፔር-ሰዓት ከሆነ በ6 ሰዓት ገደማ ባዶ ይቀራል። ማታ ረስተኸው ካደርክ ጠዋት እየረገጥክ ማስነሳት ነው። ረግጠህ የምታስነሳበት ከሌለውማ ጎረቤት ጠርተህ ማስገፋት ነው።

ስለዚህ ቀዩን ሽቦ በቁልፍ ከሚከፈትና ከሚዘጋ የባትሪ መስመር ላይ ጥለፈው። በብዙ ሞተሮች ወደ ክላክስ ወይም ወደ ፍሬን መብራት የሚሄደው መስመር እንዲህ ነው። በግምት አይሁን፤ ቴስተር ይዛችሁ ለኩ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት አካባቢ፣ ሲዘጋ ዜሮ ማሳየት አለበት። ጥቁሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሂድ። አንዳንድ የቆዩ ሞተሮች ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ ከሁሉ በፊት ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብብ። መሣሪያው 12 የሚል ከሆነና ባትሪህ 6 ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ፊውዝ! ቀዩ ሽቦ ላይ ፊውዝ መኖሩን እይ። ከሌለ የ2 ወይም የ3 አምፔር ጨምርበት፤ ኃይሉ ከሚጠለፍበት ቦታ አጠገብ። ሽቦው ተልጦ የሞተሩን አካል ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዙ ብቻ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልሰውን ሰው ግን ከሞተርህ አርቀው።

መጋጠሚያውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም። ኮረኮንች መንገድ ከወጣህ በኋላ ይላላል። በብየዳ ይያያዝ፣ ከመቀመጫው ሥር ይቀመጥ። ባትሪው ጫፎች ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀባ፤ ዝገት ይከላከላል። ሽቦውን ስትዘረጋ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ እየው። ከተወጠረ ወይም ከተቆነጠጠ ውሎ አድሮ እዚያው ይበጠሳል። ከጭስ መውጫውም አርቀው።

መያዣውን መሪው መካከል አካባቢ እሰረው፤ የፍጥነት መለኪያውን አይሸፍን፣ ዓይንህንም ከመንገድ አያርቅ። የብዙ ሞተር መሪ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ መያዣው ሰፋ ካለ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠህ ከሥሩ ጠቅልልበት። እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ንዝረቱንም ትንሽ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ «ስልኬን እዚያ ልሰር» የሚሉም ይጽፉልኛል። ይቻላል፤ ግን የሞተር ንዝረት የአንዳንድ ስልኮችን ካሜራ ያበላሻል። አፕል ራሱ በ2021 ስለዚህ አስጠንቅቋል።

ኔትወርኩ አያሳስብህ። ጂፒኤስ የሚቀበለው ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው፤ ሲም ካርድም አይጠይቅም። ቢያንስ 4 ሳተላይት ካየ ያለህበትን ያውቃል። ገደል ሥር ስትገባ ሰማዩ ስለሚጠብ ሊሳሳት ይችላል። የሚያስፈልግህ ካርታው አስቀድሞ መጫኑ ነው፤ ወንድምህ ያለበትን አገር ካርታ ብቻ ይዞ መጥቶ እንዳይሆን። ነፃው የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ለብዙ መሣሪያዎች ይሆናል። የእግር መንገዶቹን ሁሉ አታገኝም። ስለዚህ የክትባት ቦታ በደረስክ ቁጥር ነጥቡን በቀበሌው ስም መዝግበው፤ በሚቀጥለው ዙር እረኛ ስትጠይቅ አትውልም።

ገበያ ቀን ሞተሩን ስታቆም ግን መሣሪያውን ነቅለህ ኪስህ ክተተው። መያዣው እዚያው ይቆይ።