ከቁፋሮ እስከ ፈቃድ መዝጊያ፦ በሳይት ላይ ስለሚወርድ የዝናብ ውሃ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መሬት የምታለሙ፣ ቁፋሮ የምትሠሩና ሳይት የምትቆጣጠሩ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሕጉ ድንበር በተሻገራችሁ ቁጥር ስለሚለያይ፣ መልሱ ለየትኛው ቦታ እንደሆነ እየለየሁ እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይቴ ከአንድ ኤከር በታች ነው። የዝናብ ውሃ ፈቃድ አያስፈልግህም ተባልኩ። ልክ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። የፌዴራሉ ግዴታ የሚጀምረው 1 ኤከር መሬት ሲነካ ነው። ነገር ግን ፕሎትህ ተሸንሽኖ የሚለማ ሰፊ መሬት አካል ከሆነች፣ ሩብ ኤከር ብቻ ብትሆንም የሚቆጠረው የጠቅላላው ስፋት ነው። ብዙዎች የሚያዙት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደግሞ የአካባቢው ሕግ አለ። ዲሲ ከ50 ስኩዌር ፊት ጀምሮ የአፈር መሸርሸር መከላከያ ፕላን ይጠይቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ5,000 ስኩዌር ፊት ወይም ከ100 ኪዩቢክ ያርድ አፈር በላይ ስትነካ ፕላን ግድ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላላ መነሻ 10,000 ስኩዌር ፊት ሲሆን በቼሳፒክ ጥበቃ ክልል ወደ 2,500 ይወርዳል። ካውንቲው ከዚህም ጠበቅ ሊያደርግ ስለሚችል መጀመሪያ ካውንቲውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው? ማመልከቻውን አስገብተን በማግስቱ መቆፈር እንችላለን?

አትችሉም። ዲሲ ውስጥ ለ1 ኤከርና ከዚያ በላይ ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኢፒኤ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸው አላቸው። በኢፒኤ ፈቃድ መጀመሪያ የብክለት መከላከያ ፕላኑ፣ በተለምዶ «ስዊፕ» የምንለው፣ ተሠርቶ ያልቃል። ቀጥሎ የፍላጎት ማሳወቂያው፣ ማለትም የፈቃድ ማመልከቻው፣ በኦንላይን ይገባል። ከዚያ 14 የካሌንደር ቀናት ትጠብቃላችሁ። ዛፍ መንቀልና መሬት መጥረግም እንደ ሥራ መጀመር ስለሚቆጠር «ቁፋሮ ገና ነው» የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ባለቤቱ ብቻ ፈርሞ መተው ነው። ፕላኑን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ወገንና የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ኮንትራክተር የተለያዩ ከሆኑ፣ ሁለቱም ማሳወቂያ ያስገባሉ።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክሽን ለመሥራት የግድ ሰርተፊኬት ያስፈልገኛል? ከየት ላገኝ እችላለሁ?

በ2022ቱ የኢፒኤ ጠቅላላ ፈቃድ፣ ከየካቲት 2023 ወዲህ ለተመዘገቡ ሳይቶች አዎ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ኢፒኤ በኦንላይን በነፃ የሚሰጠውን የኢንስፔክሽን ሥልጠና ወስዶ ፈተናውን ማለፍ ነው። ሁለተኛው የአፈር መሸርሸርን፣ የመከላከያዎችን አተካከልና ጥገና እንዲሁም የኢንስፔክሽን አሠራርን የሚሸፍን፣ ጊዜው ያላለፈበት ሌላ ሰርተፊኬት መያዝ ነው።

ሜሪላንድ ላይ ሳይቱን የሚመራው ሰው የኃላፊ ሠራተኛ ሰርተፊኬት፣ ሠራተኞች «ግሪን ካርድ» የሚሉትን፣ መያዝ አለበት። ቨርጂኒያ ደግሞ በፈቃዱ ላይ ስሙ የሚጻፍ «ሪስፖንሲብል ላንድ ዲስተርበር»፣ ለመሬቱ ሥራ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ ትጠይቃለች። የአንዱ ወረቀት ለሌላው ይሠራል ብላችሁ አትገመቱ። ሥልጠናውን ለፎርማኑ ብቻ ሳይሆን ለኤክስካቫተር ኦፕሬተሩም ስጡት እላለሁ፤ ሲልት ፌንሱን፣ ደለል የሚያግተውን የጨርቅ አጥር፣ ረግጦ የሚያልፈው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሲልት ፌንሳችን ይተኛል። እያነሣን ተሰላቸን። ምን እናድርግ?

ፌንሱን ከማንሣታችሁ በፊት ውሃው በምን መልክ እንደሚደርስበት እዩ። ሲልት ፌንስ የተሠራው በመሬቱ ላይ ተንጣሎ በስሱ ለሚወርድ ውሃ ነው። ለየ100 ጫማ ርዝመት ከላዩ የሚመጣው መሬት ከሩብ ኤከር መብለጥ የለበትም። ውሃው ቦይ ይዞ የሚመጣበት ቦታ ላይ ከተከላችሁት ምንም ያህል ካስማ ብትጨምሩ ይወድቃል። እዚያ የሚያስፈልገው የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው። በፌዴራሉ ፈቃድ መጠኑ ለሚያፈስበት ለእያንዳንዱ ኤከር 3,600 ኪዩቢክ ፊት ነው፤ አለዚያ የ2 ዓመት ድግግሞሽ ያለውን የ24 ሰዓት ዝናብ ውሃ እንዲይዝ ይሰላል።

ቦታው ትክክል ከሆነ አተካከሉን መርምሩ። ጨርቁ ቢያንስ 6 ኢንች ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አፈሩ ተመልሶ መጠቅጠቅ አለበት። ሳይጠቀጠቅ ከቀረ ውሃው ከሥሩ ይሾልካል፤ ከላይ ሲታይ ፌንሱ ደህና ይመስላል፣ ደለሉ ግን ወጥቷል። ካስማው የሚቆመው ከጨርቁ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ነው። በተቃራኒው ከቆመ ውሃው ጨርቁን ከካስማው ይገነጥለዋል። መስመሩ እኩል ከፍታ ይከተል፤ ቁልቁል ከወረደ ፌንሱ ራሱ ቦይ ሆኖ ውሃውን ሁሉ ወደ አንዱ ጥግ ይሰበስባል። ጫፎቹን ወደ ሽቅብ አጥፏቸው፣ አለዚያ ውሃው ዞሮ ያልፋል። ደለሉም የፌንሱን ቁመት ግማሽ ከመድረሱ በፊት ይጠረግ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በ2022ቱ ፈቃድ አንዱን መከላከያ እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ከጠገናችሁ፣ ሥራው ተራ ጥገና መሆኑ ይቀርና የእርምት እርምጃ ይሆናል። ምክንያቱን መመዝገብ ይኖርባችኋል፤ መከላከያውን መቀየር ካስፈለገም ቀነ ገደቡ 7 ቀን ነው። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ የሚወድቀውን ነገር መልሶ ከማቆም ይልቅ ለምን እንደወደቀ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ጥያቄ፦ በየስንት ቀኑ ነው የምንፈትሸው?

በመደበኛው በየ7 ቀኑ ነው። ካልሆነም በየ14 ቀኑ፣ በተጨማሪም በ24 ሰዓት ውስጥ ሩብ ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ። ውሃችሁ በደለል ወደተጎዳ ወንዝ፣ ለምሳሌ ወደ አናኮስቲያ የሚወርድ ከሆነ ግን ሁለቱም ይጣመራሉ፦ በየ7 ቀኑም፣ ከሩብ ኢንች ዝናብ በኋላም። ስለዚህ የዝናብ መለኪያ ሳይቱ ላይ ትከሉ። ሪፖርቱ ፍተሻው ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፋል፤ 3 ዓመት ይቀመጣል። ከጉድጓድ ውሃ በፓምፕ የምታስወጡ ከሆነ፣ ውሃው በሚወጣበት ቀን ሁሉ ፍተሻ አለ።

ጥያቄ፦ መኪናዎቹ ጭቃ ወደ አስፋልት ያወጣሉ። በውሃ ብናጥበውስ?

አይቻልም፤ ጭቃው በቀጥታ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይገባል። በመጥረጊያ፣ በአካፋ ወይም በቫኩም መኪና እዚያው ቀን ሥራ ሳያበቃ ይነሣ። መግቢያው ላይ ከሥሩ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ያለው፣ ከ2 እስከ 3 ኢንች ድንጋይ በ6 ኢንች ውፍረት ቢያንስ 50 ጫማ ርዝመት አንጥፉ። ድንጋዩ በጭቃ ሲሞላ ሥራውን ያቆማል፤ አዲስ ይጨመርበት። የኮንክሪት መኪና እጣቢም ውሃ በማያስወጣ መያዣ ውስጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋም፤ አሳ የሚገድል ጠንካራ አልካላይን ነው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ውስጥ ከግንባታ በኋላ ስንት ውሃ መያዝ አለብኝ? በቀላሉ አስረዱኝ።

5,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ ለሚነካ ትልቅ ፕሮጀክት መለኪያው 1.2 ኢንች ዝናብ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ውሃ የማያሳልፈው ስፋት (ጣሪያና አስፋልት) በ0.95፣ የተጠቀጠቀ ሣር በ0.25፣ ያልተነካ የተፈጥሮ መሬት በዜሮ ይባዛል። 10,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ቢኖርህ፣ 10,000 ሲባዛ 0.95 ሲባዛ 0.1 ጫማ (1.2 ኢንች ማለት ነው) 950 ኪዩቢክ ፊት ይሆናል። በ7.48 ስታባዛው ወደ 7,106 ጋሎን ነው። ቢያንስ ግማሹን እዚያው ሳይቱ ላይ ትይዛለህ፤ ቀሪውን የዝናብ ውሃ ማቆያ ክሬዲት በመግዛት ወይም ለከተማው በመክፈል ማሟላት ይፈቀዳል። ክሬዲቱ አንድ ጋሎን ለአንድ ዓመት ስለሆነ ወጪው በየዓመቱ ይደገማል። ባለሀብቱ ይህን ገና ዲዛይን ላይ ሳለ ይወቀው።

ለስሌቱ የሚሆኑ ነፃ መሣሪያዎችም አሉ፦ ለዝናብ መጠን የኖኣ አትላስ 14፣ ለአፈር ዓይነት ዌብ ሶይል ሰርቬይ፣ ለፍሰት ሞዴል የኢፒኤው ስዊም። የአፈር ካርታው ግን በሳይቱ ላይ የሚደረገውን የስርገት ፈተና አይተካም።

ጥያቄ፦ ሕንፃው አልቋል። ፈቃዱን መቼ እዘጋለሁ?

ሣሩ ሲበቅል እንጂ ሲዘራ አይደለም። በቋሚነት የሚኖር ተክል በአካባቢው ባልተነካ መሬት ላይ ያለው የተፈጥሮ ተክል ከሚሰጠው ሽፋን ቢያንስ 70 ከመቶውን እኩል ተሰራጭቶ መስጠት አለበት። ጊዜያዊ መከላከያዎቹ ይነቀላሉ፣ የመጨረሻው ሽፋን ፎቶ ይነሣል። የመዝጊያ ማሳወቂያው ሁኔታዎቹ በተሟሉ በ30 ቀናት ውስጥ ይላካል። እስከዚያ ድረስ ፈቃዱ ያንተ ነው፤ ኃላፊነቱም አብሮት አለ። በሕጉ ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60,000 ዶላር በላይ ቅጣት ሊጣል ይችላል።