ጀልባ ለገዛችሁና ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆች

የሚደውሉልኝ ወጣቶች በአብዛኛው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ተዋጥተን ጀልባ ልንገዛ ነው፤ ኢንሹራንሱ ስንት ያስወጣናል?» ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጎጃም ውስጥ የሰራሁት ኢንሹራንስ ላይ፣ እሱም ካሳ ክፍል ስለሆነ ጥያቄው እኔ ጋ መምጣቱ አይገርምም። የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። «ዋና ትችላላችሁ?» ስላቸው ይስቃሉ። «ሞተሩ መሃል ሃይቅ ላይ ቢጠፋባችሁ ማን ጋ ትደውላላችሁ?» ስላቸው ዝም ይላሉ።

ስለዚህ መልሴን በጽሁፍ ላድርገው። መጀመሪያ ስልጠና፣ ቀጥሎ ሃይቁ ላይ እርስ በርስ የምትጠባበቁበት ጥበቃ። ኢንሹራንሱ ጋም እንደርሳለን፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ጣናን እናውቀዋለን ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ባሕር ዳር ላይ ማኪያቶ ይዞ ውሃውን ማየትና መሃሉ መግባት አንድ አይደለም። ሃይቁ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። «ጥልቅ ካልሆነ ታዲያ ምን ያስፈራል?» ያለኝ ልጅ አለ። የሚያስፈራው እሱ ነዋ! ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ከአንዱ ሳትወርዱ ሌላው ይደርስባችኋል። ጠዋት ጸጥ ብሎ ያሳለፋችሁ ውሃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ነባሮቹ የጀልባ ሹፌሮች እንግዳቸውን በማለዳ ይዘው ወጥተው ንፋሱ ሳይበረታ ለመመለስ የሚጣደፉት ስራ ስለበዛባቸው አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታችኋል። እነሱ ግን አይተውታል።

ስልጠና ስል ሰርተፍኬት ይዞ ፎቶ መነሳት ማለቴ አይደለም። ሞተሩን ምሳሌ ላድርግ። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር እዚህ 33 ገደማ ነው። ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም። ጀልባውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ከዘጌ ስትመለሱ ንፋስ ከፊት ቢመጣ ያቺ የጎደለችው ጉልበት ናት የምትናፍቃችሁ። ፕሮፔለሩም፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ማለቴ ነው፣ ለከፍታው የሚስማማ መሆን አለበት። ሜካኒካችሁን ጠይቁት፤ ካላወቀ ሌላ ሜካኒክ ፈልጉ።

ሌላም አለ። ሞተሩ ሲነሳ ከጀርባው ቀጭን ውሃ ፊጭ ትላለች። ማቀዝቀዣው መስራቱን የምታሳውቃችሁ እሷ ናት። እንቦጭ ወይም ፌስታል ውሃ መሳቢያውን ሲደፍነው መጀመሪያ የምትቆመውም እሷው ናት። ያኔ ወዲያው ካጠፋችሁ በእጃችሁ አጽድታችሁ ጉዞ ትቀጥላላችሁ። ሙዚቃውን ለቃችሁ ዞር ብላችሁ ሳታዩ ከቀራችሁ ሞተሩ ይነክሳል፤ በሙቀት ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ይላል። የነከሰ ሞተር ይዛችሁ ኢንሹራንስ ብትሄዱ ደግሞ «ይሄ የሜካኒክ ብልሽት ነው፣ አደጋ አይደለም» ትባላላችሁ። እኔም ብሆን ያንኑ ነው የምላችሁ።

ከሞተሩ ጋር የምትመጣ ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ አለች። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው የሹፌሩ እጅ ወይም እግር ላይ ይታሰራል። ሹፌሩ ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው የቁልፍ መያዣ ያደርጋታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ይችን ገመድ ሳያስሩ በፍጥነት መንዳት በህግ ክልክል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሹፌር አልባ ጀልባ በራሱ ይዞራል፤ ዞሮም የሚመጣው ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ላይ ነው።

ላይፍ ጃኬትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዴ አንድ ጀልባ ለመድን ልገመግም ሄድኩ። ላይፍ ጃኬት አለህ ወይ አልኩት ባለቤቱን። «ሞልቷል!» አለኝ። እውነትም ሞልቷል። ከፊት ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ከነመጣበት ላስቲክ፣ ላዩ ላይ የቤንዚን ጀሪካንና ቢራ ተጭኖበት። አንዱን አውጥተህ ልበሰው አልኩት። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ማሰሪያውን ገለበጠው፣ ደግሞ መለሰው፣ በክንዱ ማስገቢያ አንገቱን ሊያስገባ ሞከረ። ይሄ ሁሉ ወደቡ ላይ ነው፤ በጸጥታ ውሃ፣ ማንም ሳያጣድፈው። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂ በየዓመቱ የሚያወጣው መረጃ ይሄንኑ ነው የሚደጋግመው። በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት ከአስሩ ከስምንት የሚበልጡት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ለሞት ለሚያበቁት አደጋዎች ከሚታወቁት ምክንያቶች ደግሞ መጠጥ ፊት ላይ ነው። ቢራውን ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባው ከታሰረ በኋላ፣ የብስ ላይ ጠጡት። ማን ከለከላችሁ?

ማን ያሰልጥነን ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያ እርዳታ ቀይ መስቀል ያስተምራል። ሞተር ሜካኒኩ ያሳያችኋል። ንፋስና ውሃ ግን ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ተማሩ። ከደንገል ታንኳ ሰርተው፣ በታንኳው ዓሣ አጥምደው፣ ሃይቁ ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ደመናው የት ጋ ሲቋጠር መመለስ እንዳለባችሁ ከእነሱ ይበልጥ የሚነግራችሁ የለም። ግን በነጻ አይሁን። ለአንድ ባለሙያ የምትከፍሉትን ክፈሏቸው። ስትማሩም አንድ ነገር ይዛችሁ ውጡ፤ ታንኳ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ። እናንተ ያስነሳችሁት ማዕበል ለእናንተ ጨዋታ ነው፣ ለባለታንኳው ግን መገልበጥ ነው። መረቡን በፕሮፔለር በጣጥሶ እጁን እያውለበለበ የሚያልፍ ጎረምሳ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አሁን ወደ ጥበቃው። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ወርዳችሁ ትቆማላችሁ። ሃይቅ ላይ ወርዶ መቆም የለም። መጀመሪያ የሚደርስላችሁ ደግሞ መንግስት አይደለም፣ ኢንሹራንስም አይደለም፤ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ጀልባ ነው። እንግሊዝና አየርላንድ ጠረፍ ላይ ሰው የሚያድነው አር ኤን ኤል አይ የሚባል ተቋም እ.ኤ.አ. በ1824 ነው የተቋቋመው። የመንግስት አይደለም፣ ከሰው በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው የሚኖረው። ለነፍስ ማዳን ከሚወጡት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጥሪ ሲመጣ ስራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ1939 ለጠረፍ ጠባቂው ረዳት የሚሆን የበጎ ፈቃደኞች ክንፍ አቋቁመዋል። ደመወዝ የላቸውም፣ የማሰር ስልጣንም የላቸውም። የሰው ጀልባ በነጻ ይፈትሻሉ፣ ያስተምራሉ፣ በፍለጋም ያግዛሉ።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው አትበሉ። ከእድር ምን ይለየዋል? ዳኛ አለው፣ ጸሃፊ አለው፣ ተራ አለው፣ በተራው ለቀረ መቀጫ አለው። ልዩነቱ እድር ከሞት በኋላ መድረሱ፣ ይሄኛው ከሞት በፊት መድረሱ ነው። ጀልባ ያላችሁ ልጆች ተሰብሰቡ። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተራ ግቡ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ህዝቡ ወደ ዘጌ ሲጎርፍ ደግሞ ሁላችሁም ውጡ፤ ጀልባ ከልክ በላይ የሚጫነው ያን ቀን ነው። ለወደቡ ሰዎችና ለፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ረጅም ገመድ፣ ትርፍ ላይፍ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ ውሃ የማይገባበት ባትሪ፣ በላስቲክ የታሸገ ስልክ ያዙ። ሰው አትቆጡ፣ አታስቁሙ፣ አትቅጡ። ስራችሁ ማየት፣ መጎተትና መጥራት ነው። ከውሃ ሰው ስታወጡም ሞተሩን አጥፍታችሁ ነው፤ ፕሮፔለር የሚያድኑትን ሰው አይለይም።

ከሁሉ በላይ ደብተር ያዙ። ማን ወጣ፣ ወዴት፣ ስንት ሰው ይዞ፣ ስንት ሰዓት ሊመለስ። በስራ ዘመኔ የጀልባ አደጋ ሲመጣ የማይመለስ ጥያቄ ቢኖር «ስንት ሰው ተሳፍሮ ነበር?» የሚለው ነው። አንዱ ስድስት ይላል፣ ሌላው ዘጠኝ ይላል። ፈላጊዎች መቼ እንደሚያቆሙ አያውቁም። እናት ወደብ ላይ ቆማ ልጇ መሳፈሩን አለመሳፈሩን የሚነግራት ታጣለች። አንዲት መስመር እስክሪብቶ ይሄን ሁሉ ታስቀራለች።

አሁን ኢንሹራንስ። አትናቁት፣ ግን አታምልኩትም። መጀመሪያ፣ የመኪናው ሶስተኛ ወገን ጀልባችሁን የሚሸፍን እንዳይመስላችሁ። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ የመጣው ግዴታ ለተሽከርካሪ ነው። ለጀልባ የተለየ ውል ነው የምትገቡት። ስትገቡም ጀልባውንና ሞተሩን ብቻ አታስገቡ። በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለውን ክፍል አስጨምሩ። የጀልባው ፋይበር ይጠገናል። የባለታንኳው እግር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋናው መሰናክል ፎርሙ ላይ ነው። «ጀልባው ለምን አገልግሎት ይውላል?» የሚል ጥያቄ አለ። አረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉትን፣ ለመቀነስ ብላችሁ «ለግል መዝናኛ» ትላላችሁ። ከዚያ እሁድ እሁድ ነዳጅ ለመሸፈን እያላችሁ ሰው በክፍያ ትጭናላችሁ። እንዲህ ያለ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ያውቃል። ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ስንት እንደከፈሉ ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ካሳው ተከለከለ፤ መከልከሉም በውሉ መሰረት ነበር። ባለቤቱ ቢሮ ድረስ መጥቶ አለቀሰ። እኔ ከማዘን በቀር ምን ላድርግ?

ሁለተኛው ዋጋ ማሳነስ ነው። 600,000 ብር የሚያወጣ ጀልባ 300,000 ብር ነው ብላችሁ ብታስመዘግቡ አረቦኑ ይቀላል። የ100,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ግን የሚታሰብላችሁ 50,000 ነው። ግማሹን ዋጋ ነው ያስመዘገባችሁትና ግማሹን ጉዳት ራሳችሁ ተሸከማችሁ። ከዚያ ላይ ኤክሰስ የሚባለው የራሳችሁ ድርሻ ይቀነሳል። ይሄን ሂሳብ ከመፈረማችሁ በፊት ስሩት። እርጅና፣ ዝገት፣ ጀልባውን በመኪና ጭኖ ማጓጓዝ፣ ከተፈቀደው ክልል ውጭ መሄድ፣ ሳይቆለፍ የተሰረቀ ሞተር፤ እነዚህን በየውሉ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሻጩ የሚያነብላችሁ የሚሸፍነውን ነው። እናንተ የማይሸፍነውን አንብቡ።

አደጋ ከደረሰ በኋላም ኪሳራው እንዳይብስ የማድረግ ግዴታ አለባችሁ። ሞተር ጣና ውስጥ ሰጠመ እንበል። ሰው ሁሉ ጎትቶ አውጥቶ ጸሃይ ላይ ያሰጣዋል። ስህተት ነው። ሜካኒክ በአጠገቡ ከሌለ ንጹህ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቢቆይ ይሻለዋል፤ ዝገቱ የሚፈጥነው አየር ሲያገኘው ነው። ሜካኒኩ ሲደርስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይፈታል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ዘይት ይገባበታል፣ በዚያው ቀን ይነሳል። ሶስት ቀን ደርቆ የተገኘ ሞተር ላይ ገማቹ ምን እንደሚጽፍ እኔ አውቃለሁ።

ስልጠናውና ጥበቃው እዚህ ጋ ነው ከኢንሹራንሱ ጋር የሚገናኙት። በሰለጠነው ሀገር የጀልባ ትምህርት ለወሰደ ሰው አረቦን የሚቀንሱ መድን ሰጪዎች ብዙ ናቸው። እዚህም ብቻችሁን ሄዳችሁ «ቀንሱልን» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ማኅበር ሆናችሁ፣ የስልጠና ወረቀት፣ የመውጫ መግቢያ ደብተርና የየጀልባው ፍተሻ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ወሬው ሌላ ነው። እኔ በነበርኩበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዋጋ የሚሰቅለው ስለማያውቃችሁ ነው። እንዲያውቃችሁ አድርጉ። ከአንድ ቢሮ በላይም ጠይቁ፤ ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ላይፍ ጃኬት ስትገዙ የህጻናቱን ለይታችሁ ግዙ። የአዋቂ ጃኬት ህጻን ላይ አንሸራቶ ይወጣል። ፎርሙን ስትሞሉ ግር ካላችሁ ደውሉልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እሁድ ጠዋት ግን አትደውሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።