«ጠበሉ መድኃኒት አይወድም» ለምትሉ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕመም ነው ተብሎ ክኒን ጀምሮ ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ልንወስደው ስንነሣ ጎረቤቶች «ልክፍት ነው፤ ጠበሉ መድኃኒት አይወድም» አሉንና አስቆምነው። እናቴም የእኅቴ ትዳር እንዳይሰናከል ብላ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባዋለች። ምን ይሉናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እመቤታችን ታጽናሽ። ጠበል መውሰዳችሁ ደግ ነው፤ ሥርዓቱን ለመንዝ ሰው አላስተምርም። ክኒኑን ማስቆማችሁ ግን ልክ አይደለም። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ከየትኛው መጽሐፍ እንደወጣ ያሳየኝ ግን የለም። ሲራክ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። የኤችአይቪ ሕሙማን በዚሁ አሳብ ክኒናቸውን ሲጥሉ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ ተናግረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደ ለአእምሮ ሕመም ስለ ምን ይከለከላል?

«ጠበል ላይ ጮኸ» ትሉ ይሆናል። ርኩስ መንፈስ የለም አልልም። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24 የታመሙትን ለብቻ፣ አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ ይቆጥራል። እንቅልፍ ያጣ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ልጅ በመንዝ ውርጭ ውኃ ወርዶበት ቢጮኽ፣ ጩኸቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። አንድ ወጣት አውቃለሁ፤ ክኒኑን አስጥለው ጠበል አስገቡት፣ ሕመሙ አገረሸ፣ እጁን በሰንሰለት አሰሩት። ሰንሰለቱ የበላውን ቁስል ያጠብሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል፤ በአገራችን ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው በደለኛ ፈልገው ነበር፤ ጌታ ግን እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው።

ስለዚህ ሳትዘገዩ ደብረ ብርሃን መልሱት። ስንት ቀን እንዳቋረጠ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ መጠኑን በራሳችሁ አትወስኑ። ጠበል ሲሄድም ክኒኑ አብሮት ይሂድ፤ የሚያጠምቁት አባት ቢከለክሉ ይህን አሳዪያቸው። ለእናትሽም ንገሪልኝ፦ በ21 የማርያም ጽዋ ሲደርሳችሁ ልጅዎ ጓዳ አይግባ፤ ዳቦውን ከማኅበርተኛው ጋር ተቀምጦ ይብላ።