ፎርማት ይደረግ ከመባሉ በፊት

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት የሚያልቁት በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ነው፦ «ሠሪ ጋ ብወስደው ፎርማት መደረግ አለበት አለኝ።» ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር፣ በእኛ ከተማ እንደ ፓናዶል ሆኗል፤ ራስም ታመመ ጉልበት የሚታዘዘው እሱ ነው። ከታች ካሉት ስድስት ጥያቄዎች ፎርማት የሚያሻው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኮምፒውተሩን አይደለም።

ከአራት ኪሎ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ «የፈረንጅ ሰዓት ግራ ስለሚያጋባኝ የኮምፒውተሬን ሰዓት በእጄ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። አሁን ልጄ የምትልክልኝ ኢሜይል ገና ባልደረሰ ሰዓት የተላከ ይመስላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ቀኑ ራሱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄድና ድረ ገጽ አልከፍትም ይለኛል። ፎርማት ይደረግ ተባልኩ።»

መምህር፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደራርበውብዎት ነው። ከሁለተኛው ልጀምር። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታህል ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው፣ የ3 ቮልቷ ናት። ሥራዋ መብራት በሌለበት ሰዓቱን ማስቆጠር ነው። ስታረጅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ድረ ገጾች ደግሞ እንደ መታወቂያ የሚያሳዩት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተርዎ ከዓመታት በፊት ላይ ነኝ ካለ ማረጋገጫው ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ አላምነውም ይላል። ባትሪዋን ያስቀይሩ። ያችን ሳይነኩ ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢጫን ለውጥ የለውም።

ወደ ሐበሻ ሰዓት ስንመጣ፣ ዋናውን ሰዓት በእጅ አይንኩት። ሴቲንግ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ ከዚያ «ዴት ኤንድ ታይም» ይግቡና ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉት፤ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ይበሉት፣ አዲስ አበባ በስሟ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቀጥሎ እዚያው «አዲሽናል ክሎክስ» የሚል አለ። ተጨማሪ ሰዓት ይክፈቱና ክልሉን «ብራዚሊያ» ያድርጉት፤ ስሙን «የሐበሻ» ብለው ይጻፉበት። አይሳቁ! ብራዚሊያ ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስንል እዚያ ከጠዋቱ 8 ነው። ብራዚል ሰዓቷን በየወቅቱ ማዛወር በ2019 እ.ኤ.አ. ስላቆመች ልዩነቱ አይናጋም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ያቺ ሰዓት ቀን የምትቀይረው የእኛ ጎሕ ሲቀድ፣ በ12 ሰዓት ነው፤ ኤ.ኤም ካለች ቀን ነው፣ ፒ.ኤም ካለች ሌሊት። ማውዙን ታች ጥግ ያለው ሰዓት ላይ ሲያሳርፉ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያያሉ።

ከካዛንቺስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ «ፓኬጅ ገዝቼ ከስልኬ ሆትስፖት አበራለሁ። ሁለት ኢሜይል ልኬ ቀና ስል ዳታው አልቋል። ቫይረስ ይሆን?»

ቫይረስ ላይሆን ይችላል። ላፕቶፕዎ ስልክዎን የሚያየው እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው፤ እያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪስዎ እንደሚወጣ የነገረው የለም። ስለዚህ አፕዴቱንም፣ የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ፋይሉንም እንዳሻው ያወርዳል፣ ይጭናል። ሆትስፖቱ እንደተያያዘ ሴቲንግ፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ» ገብተው የዚያን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ይክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» (በልክ የሚከፈልበት መስመር) የሚለውን ያብሩ። ትልልቁ ማውረድ ጋብ ይላል። የሚረሳው ነገር፣ ይህ የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ የዋይፋይ ስም ብቻ ነው፤ የሆትስፖቱን ስም የቀየሩ ዕለት እንደገና ማብራት አለብዎት። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውንም አፕዴት ውስጥ ፈልገው ያጥፉት፤ ካልጠፋ የወረደልዎትን አፕዴት ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ሊያካፍል ይችላል። ደግነት በራስ ፓኬጅ መሆኑ ነው። አፕዴቱን ግን ጨርሰው አይተዉት፣ ቢያንስ በወር አንዴ በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ያውርዱት።

ከቸርችል ጎዳና፣ ጸሐፊ፦ «በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል።»

ደብዳቤው አልተበላሸም። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ፣ አለቀ። ለአዲሱ ሥራ ግን ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ጻፊ፤ የእኛ ፊደል እዚያ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ጨምሪና ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ለመቀየር የዊንዶውሷን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ተጫኚ።

ከሜክሲኮ፣ ባለሱቅ፦ «ኮምፒውተሬን ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ግን እየተንቀረፈፈ ነው የሚነሣው። ፎርማት ላስደርገው?»

እስቲ መጀመሪያ ይህን ይዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሲፒዩ የሚለው ሥር «አፕ ታይም» የሚል ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው ቀን ነው። ማታ ማታ ሲያጠፉት ኖረው 20 ወይም 30 ቀን ሲል ቢያገኙት አይደንግጡ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ፦ ሹት ዳውን ሲሉት የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ጠዋት ያንኑ ያነሣዋል። ልብሱን ሳያወልቅ እንደሚተኛ ሰው ነው። በእውነት ገላውን የሚታጠበው ሪስታርት ሲባል ነው። በሳምንት አንዴ ሪስታርት ያድርጉት።

እዚያው መስኮት «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን ይክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት የሚነሡት እነሱ ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም የተዘጋው ስካይፕ እንኳ እዚያ ተሰልፎ አግኝቼ አውቃለሁ። የማይፈልጉትን «ዲስኤብል» ይበሉት፤ ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሳይጠሩት አለመምጣቱ ብቻ ነው። የጸረ ቫይረሱን አይንኩ። ይህም ሆኖ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆየና ኮምፒውተርዎ ያለው የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ለፎርማት የሚከፍሉትን ይያዙና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ለማስገባት ያጠራቅሙበት። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያዩታል።

ከስታዲየም አካባቢ፦ «ዊንዶውስ 10 አበቃለት ይሉኛል። ኮምፒውተሬ 11ን አይቀበልም። ልጣለው?»

አይጣል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ይሠራል፣ የሚቀርበት የደኅንነት ጥገናው ነው። ለግል ተጠቃሚ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም አለ፤ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ መመዝገቢያው ይታያል። 11 አልቀበልም ያለው ደግሞ አንዳንዴ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ያለው ማስተካከያ) ውስጥ ስለጠፋ ብቻ ነውና አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስዩ።

ከስድስት ኪሎ፣ ተማሪ፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን ፕሪንት ቤት ወስጄ ስመለስ ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ፎርማት ላድርገው? ሌላ ኮፒ የለኝም።»

ቆይ! መጀመሪያ ምንም አትንኪ። ጽሑፍሽ አለ፣ ተደብቆ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይኸው ደርሶብኝ ተስፋ ቆርጬ ፎርማት አደረግሁት፤ ፋይሎቼ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እዚያው ነበሩ። ሾርትከቶቹን እንዳትከፍቻቸው፤ ቫይረሱን የምታስነሺው ያኔ ነው። ፎልደር ስትከፍቺ ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው» ብለሽ የተደበቁትንና የፋይል ቅጥያዎችን እንዲያሳይ አድርጊ። ካልታዩሽ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ። አሁን ፈዘዝ ያሉ ፎልደሮች ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም የታጨቀው ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ግቢና ጽሑፎችሽን ብቻ ወደ ኮምፒውተርሽ ቅጂ። ስማቸው መጨረሻ ላይ ኢኤክስኢ ወይም ቪቢኤስ ያለባቸውን ተዪ፤ ጽሑፍ ሳይሆኑ ፕሮግራሞች ናቸው። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ኮምፒውተሩን አስፈትሺ፣ ጽሑፍሽን በትክክል መከፈቱን እይ፣ ሌላ ቦታም አንድ ኮፒ አስቀምጪ።

ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጊው። በሚቀጥለው ጊዜ ፒዲኤፉን ለፕሪንት ቤቱ በቴሌግራም ላኪለት፤ አንቺ እስክትደርሺ ኮፒው ወጥቶ ይጠብቅሻል።