ለወጣቶች፦ ትልቁን ባግፓይፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። የፈረንጆቹ 2024 እያለቀ ነው፣ እኔም የባግፓይፕ (የስኮትላንዶቹ ባለአቁማዳ የትንፋሽ መሣሪያ) ሱቄ ቆጠራ ላይ ነኝ፣ ግን ኢንቦክስ እየገባችሁ «ጋሼ ምን ብንማር ይሻላል፣ ቶሎ የሚያዋጣው ምንድነው» ስለምትሉኝ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፍ ብዬ ነው።

እዚህ ስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ዲሴምበር ሲመጣ ሁሌ የሚደጋገም ነገር አለ። እናት ወይ አባት ሱቅ ይገቡና ልጃችን ለገና ባግፓይፕ ካልገዛችሁልኝ ብሎ አስቸግሮናል፣ ያንን ትልቁን አውርድልን ይላሉ፣ እኔ ደሞ አላወርድም፣ ፕራክቲስ ቻንተር የሚባለውን ቀጭን የመለማመጃ ቱቦ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደርግላቸዋለሁ። ከሺህ ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ልግዛ ያለን ሰው ወደ ርካሹ የሚያወርድ ነጋዴ እብድ ነው ትሉ ይሆናል፣ ባለቤቴም ትላለች። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባግፓይፕ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ሲነፉት በቲቪ አይታችኋል (ኪልት በሉ እንጂ ቀሚስ እንዳትሉ፣ ትጣላላችሁ)። አቁማዳ አለው፣ ብብት ስር ይያዛል፣ ትከሻ ላይ የሚቆሙት ሦስቱ ቱቦዎች ድሮን ይባላሉ፣ ሁለቱ ቴነር አንዱ ቤዝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ አንድ ድምፅ ይዘው ነው የሚሄዱት፣ ዜማው የሚወጣው በጣት ከሚያዘው፣ ቻንተር ከሚባለው ቱቦ ነው። ነፊው አየር ሲስብ አቁማዳውን በክንዱ ይጫነዋል፣ ስለዚ ድምፁ አይቋረጥም። ችግሩም ውበቱም እዚች ጋ ነው። ድምፁ ስለማይቋረጥ አንዱን ኖታ ሁለቴ ለመድገም መሃል ላይ ዝም ማለት አይቻልም፣ ድምፁን ማጉላትና መቀነስም የለም፣ ያሉት ደሞ ዘጠኝ ኖታዎች ብቻ ናቸው። ታዲያ የለቅሶውን ከጭፈራው ምን ይለየዋል? ጣት ነዋ! ግሬስ ኖት የሚሏቸው በኖታና በኖታ መሃል ሽው ብለው የሚያልፉ ድምፆች አሉ፣ ጆሮ ለብቻቸው አይሰማቸውም ግን ከሌሉ ዜማው ሙት ነው፣ ይሄን ጣት የሚለምደው አቁማዳ በሌለው፣ ጎረቤት በማያስነሳው ትንሹ ቻንተር ላይ ነው፣ ስድስት ወርም ይፈጃል ዓመትም ይፈጃል። ትልቁን ቀድሞ የያዘ ልጅ ትንፋሹን፣ ክንዱንና ጣቱን ባንዴ ላስታርቅ ሲል ሦስቱም ያምፁበታል፣ ፋሲካ ሳይደርስ ዕቃው አልጋ ስር ነው፣ ከዛ አባትየው በግማሽ ዋጋ ግዛኝ ብሎ ይመጣል።

ኦንላይን የሚሸጠው ርካሹስ ለምትሉ፣ ብዙው የሚመጣው ፓኪስታን ካለችው ሲያልኮት ነው፣ እዛ ጎበዝ ሠሪ የለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ለቱሪስት ማስታወሻ ተብሎ የተሠራውን በቃ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ እሱ ላይ የሚማር ልጅ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የራሱ ሳያውቅ ተስፋ ይቆርጣል።

የዘንድሮው ወሬም ለዚህ ነገር ይመቻል። የዓለም ፓይፕ ባንድ ሻምፒዮና በየኦገስቱ እዚሁ ከተማ ግላስጎው ግሪን የሚባለው መናፈሻ ላይ ነው የሚደረገው፣ 2020 እና 2021 ላይ ብቻ በኮቪድ ቀርቷል። በ2023 ቦግሆል የሚባለው ባንድ ስንት ዓመት ጠብቆ በአንደኛው፣ ማለትም በከፍተኛው ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደው፣ ሱቃችን ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዘንድሮ ኢንቬራሪ መልሶ ወሰደው። ኢንቬራሪ ማለት ሐይቅ የመሰለ የባሕር ክንድ ዳር ያለች ሚጢጢ ከተማ ናት፣ ባንዱን የሚመራው ስቱዋርት ሊደል ነው፣ ሲጀመር የልጆች ባንድ ነበር። ከልጆቹ ውድድር ተነስተው ደረጃ በደረጃ ወጡ፣ በ2017 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፣ 2019ን ደገሙ፣ አሁን ደሞ 2024። አሸናፊ ባንድ ገንዘብ ከፍሎ ከሌላ ቦታ ነፊ ሰብስቦ ነው የሚሉ አሉ፣ እንደዛም ይኖራል፣ ግን የነዚህን መሠረት የጣሉት ትንሹን ቻንተር ይዘው የጀመሩ ልጆች ናቸው።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በቶርኖ ነው፣ ሙዚቃ አላውቅም ነበር። አሁንም እጄ የሚፈልገው እንጨቱን ነው። ድሮኑም ቻንተሩም የሚሠራው ከዞጲ ነው፣ አዎ እኛ አገር ቆላ የሚበቅለው ዞጲ፣ ለገበያ የሚመጣው ግን በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው። ውሃ ላይ ብትጥሉት ይሰምጣል፣ እንደዛ ከባድ ነው፣ ለመቆረጥ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያልቃል። ተቆርጦም ወዲያው አይሠራም፣ ዓመታት ይደርቃል፣ በጥቂቱ ይበሳና ይቀመጣል፣ ደግሞ ይበሳና ይቀመጣል፣ ቸኩሎ የጨረሰው ሰው ዕቃው ደንበኛው እጅ ላይ ይሰነጠቃል። ቶሎ የሚያዋጣው ምንድነው ለምትሉኝ ልጆች እኔ የማውቀው ሥራ ይሄ ነው፣ ቶሎውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ለምትነፉት ደሞ ሁለት ነገር። ክረምት ነው፣ ሂተሩ ቀን ከሌት ይነዳል፣ ባግፓይፑን አጠገቡ አታስቀምጡት፣ ደረቅ አየር እንጨቱን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው የጤና ነው፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የእንግሊዝ ሐኪሞች ያወጡት ጽሑፍ አለ፣ የ61 ዓመት ሰውዬ ለዓመታት ሲያስለውና ትንፋሽ ሲያጥረው ኖሮ ሞተ፣ ባግፓይፑን እቤቱ ትቶ አውስትራሊያ ሦስት ወር የቆየ ጊዜ ግን ተሽሎት ነበር፣ በኋላ ሲመረመር አቁማዳው ውስጥ ሻጋታ ተገኘ። ስለዚ ነፍታችሁ ስትጨርሱ ፈታቱት፣ ጥረጉት፣ አድርቁት። አምስት ደቂቃ ናት።

አያቴ የተወልኝ አሮጌ ባግፓይፕ አለ የምትሉ ካላችሁ ደሞ ጌጡ የዝሆን ጥርስ መሆን አለመሆኑን ሳታሳዩ ድንበር እንዳትሻገሩ፣ እዚህ ብሪታንያ ከ2022 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል፣ ከ1975 በፊት ለተሠራ መሣሪያ ጥርሱ ከ20 ፐርሰንት በታች ከሆነ መሸጥ ይፈቀዳል ግን መመዝገብ አለበት።

ሱቁ ጃንዋሪ 1 እና 2 ዝግ ነው፣ ስኮትላንድ ሁለቱንም ቀን ያርፋል። ጃንዋሪ 7ም እዘጋለሁ፣ የኛ ገና ነው፣ ደንበኞቼ ለምደውታል እንዲያውም ዶሮ ወጥ አስቀምጥልን ይሉኛል። ጃንዋሪ 25 የበርንስ ማታ ነው (ገጣሚያቸው ሮበርት በርንስ የሚታሰብበት)፣ ሃጊሱ (ከበግ ሆድ ዕቃ የሚሠሩት ምግብ) በባግፓይፕ ታጅቦ ነው ወደ ማዕድ የሚገባው፣ እና በየዓመቱ ዋዜማው ላይ ሪዴ (ድምፅ የምትሰጠው ቀጭን ምላስ) ተሰበረ ብላችሁ የምትደውሉ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ዘንድሮ እባካችሁ እስከ 15 አምጡት።